ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት መብራቱን ግድግዳ ላይ አብራው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዕትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ ከደሴ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አነበብኩ። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል። ሞዲፋይ የተደረገ ያገለገለ ስፖርት መኪና ሊገዛ ነው። ባለቤቱ የጠራለት ዋጋ ያወጣል አያወጣም የሚለው ጨንቆታል። ከሥሩ አንድ ሌላ አንባቢ መልስ ሰጥቶታል። "የመኪናውን ዋጋ ያዝ። የተጨመረበትን ዕቃ ሁሉ ደምርበት። ከዚያ በታች ካገኘኸው አትርፈሃል" ይላል።

ይህን መልስ ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ልጁ ይህን ሰምቶ ገንዘቡን ቢከፍልስ? ባለፉት ሁለት ወራት እኛ ቤት የሆነውን ብጽፍለት ይጠቅመዋል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ረዘም ቢልባችሁም እባካችሁ አትቁረጡት።

ኮምቦልቻ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። 14 ዓመት ሆነኝ። አባቴ የኤን ትሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የአሰብ መንገድ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በባቲና በሚሌ በኩል ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ካንዴላን ከፊልትሮ የለየሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

ታናሽ ወንድሜ 7 ዓመት ጅዳ ሠርቶ ዘንድሮ ተመለሰ። ያጠራቀመው ወደ 2,500,000 ብር ነው። እኔ የጭነት አይሱዙ ገዝቶ ቢሠራበት ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ መኪና ነው የሚያልመው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ። በፈረንጆቹ 1995 ኮሊን ማክሬ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነበትን ሰማያዊ ኢምፕሬዛ፣ ያንን ቸርኬው ወርቃማ የሆነውን፣ ከመጽሔት ቆርጦ መኝታው ራስጌ ላይ ለጥፎት ነበር። ጅዳ ሲሄድ እናታችን አላነሳችውም። ፎቶው እስካሁን አለ።

የሰው ሕልም አልንቅም። 7 ዓመት በዚያ ሙቀት የሠራ ሰው የሚወደውን ቢገዛ ሐቁ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

መኪናው ደሴ ተገኘ። በፈረንጆቹ 2003 የተሠራ፣ ሰማያዊ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ባለ ቱርቦ። የተጠራው ዋጋ 2,800,000 ብር። ወንድሜ ስልኩ ላይ ፎቶውን ሲያሳየኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዋጋው ለምን እዚህ ደረሰ የሚል ሰው ይኖራል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ምክንያት አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው። እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ ከመጀመሪያውም በጣት የሚቆጠር ነው። ሻጭ ይህን ያውቃል። ደላላም ያውቃል።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። የመኪናው ሦስተኛ ባለቤት ነው። የተጨመረውን ዕቃ በወረቀት ጽፎ ነበር የጠበቀን። ባለ 18 ኢንች ሰፊ ቸርኬ። ትልቅ ማርሚታ። ስፖርት ሞላ። ማርሽ ሲቀየር "ጽሽ" የሚል ድምፅ የሚያወጣ የቱርቦ ቫልቭ። የውድድር ወንበር። የቱርቦ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ። የፊት ትልቅ ፍሬን። ከታች "ጉልበት፦ 300 ፈረስ" ይላል። የዕቃው ድምር ብቻ 900,000 ብር ነው አለን።

"300 ፈረስ የተለካበት ወረቀት አለ?" አልኩት። የለም። የሸጠለት ሰው ነው የነገረው። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ለአውሮፓ የተሠራው 218፣ ለጃፓን አገር የተሠራው 250 ፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ካልተለካ ወሬ ነው። ለወሬ ብር አይከፈልም።

ደሴ ላይ ስለ ጉልበት ሲወራ አንድ ነገር አብሮ መነሳት አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ብዙውን ያካክሰዋል። ግን በነፃ አይደለም። ያንኑ ያህል አየር ለማምጣት ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት። የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ደሴ የኖረ ቱርቦና ኮምቦልቻ የኖረ ቱርቦ እኩል አልደከሙም። "ጉልበት ተጨምሮበታል" ሲሉኝ የሚታየኝ ይኸው ድካም ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ገና እንደደረስን ኮፋኖውን በመዳፌ ነካሁት። ሙቅ ነው። ከመምጣታችን በፊት ተነስቷል ማለት ነው። ተንኮል ነው አልልም። ሰው እንግዳ ሲመጣ ቤቱን እንደሚጠርገው ይሆናል። ግን የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። "ነገ ጠዋት 1 ሰዓት እንመጣለን፤ እስክንመጣ አታስነሳው" አልኩት። ወንድሜ ተቆጣ። "እታለም፣ ሰውየው ይከፋዋል" አለኝ። ሰውየው አልከፋውም።

እሑድ ጠዋት ደሴ ብርዱ አጥንት ይገባል። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዘይቱን አወጣሁ። ልኩ ላይ ነው። ጠቁሯል፣ ግን ወተት የመሰለ ነገር የለውም። የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ዘይት አይንሳፈፍበትም። ወንድሜ አስነሳው። አንዴ ዞሮ ተነሳ። ከኋላ ቆሜ ጭሱን አየሁ። ትንሽ ነጭ፣ የጠዋት እርጥበት ነው። ሰማያዊ የለም። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው ማለት ነበር። ድምፁ ያ የሱባሩ ጉርምርምታ ነው። የሱባሩ ፒስተኖች ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ግራና ቀኝ ተኝተው ነው የሚመቱት። ወደ ቱርቦው የሚሄዱት የጭስ ቱቦዎች ደግሞ ርዝመታቸው እኩል አይደለም። ጉርምርምታው ከዚያ ነው የሚመጣው። ወንድሜ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወደ ጎማው ሄድኩ። የፊቶቹ ሁለቱ አዲስ ናቸው። የኋላዎቹ ሌላ ብራንድ፣ ያውም የተበሉ። ይህ ለሌላ መኪና ትንሽ ነገር ነው። ለዚህ አይደለም። አራቱም ጎማ ይነዳል። መካከል ላይ ያለው ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው፣ አራቱ ጎማዎች እኩል ዙሪያ እንዲኖራቸው ይፈልጋል። የአንዱ ዙሪያ ከሌላው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለየ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ሲታገል ውሎ ይሞታል። ባዶና ሰፊ አስፋልት ፈልገን መሪውን እስከ ጥግ አዙረን ቀስ ብለን አዞርነው። ትንሽ ያዝ ያደርገዋል፣ ይንቀጠቀጣል። አራት ተመሳሳይ ጎማ ሳይገባለት የዲፈረንሻሉን ጤና ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም።

"ስፖርት ሞላ" የተባለውን ሳይ ደግሞ አዘንኩ። ተንበርክኬ በባትሪ አየሁት። የፋብሪካው ሞላ ነው። ጫፉ በግራይንደር ተቆርጧል። መኪናው ዝቅ ያለው ለዚያ ነው። የተቆረጠ ሞላ ይደነድናል፤ ሾኩን ቶሎ ይገድለዋል፤ መኪናው ጉብታ ላይ ሲዘል ከመቀመጫው ሊወጣም ይችላል። የዘይት ቋቱ ሥር በድንጋይ ተፍቋል። በዝርዝሩ ላይ ግን ይህ የተቆረጠ ሞላ እንደ ጭማሪ ዋጋ ተሰጥቶታል። ለጋዜጣችሁ የጻፈው መካሪ "ደምር" ያለው ይህንን ነው። ይህ የሚቀነስ እንጂ የሚደመር አይደለም።

"ጽሽ" የሚለው ቫልቭም እንዲሁ ነው። ወጣቶች ድምፁን ይወዱታል። የዚህ መኪና ኮምፒዩተር ግን የሚገባውን አየር መግቢያው ላይ ለክቶ ነው ቤንዚን የሚመድበው። የተለካው አየር በቫልቩ ወደ ውጭ ሲተፋ ቤንዚኑ ይተርፋል። ካንዴላው ይጠቁራል። የፋብሪካው ቫልቭ አየሩን ወደ ውስጥ መልሶ የሚያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ማርሚታው ያው የሚጮኸው ዓይነት ነው። ከሆስፒታል አጠገብ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሌሊት እንደዚያ እያስጮኹ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ደግነቱ ሻጩ የፋብሪካውን ማርሚታ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀምጦታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወለቀው ዕቃ ከነበረ መኪናው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከሌለ አይመለስም።

አንድ ጭማሪ ግን ልቤን ሞላው። የፊት ፍሬኑ ነው። ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር፣ ትልቅ ዲስክ፣ በትክክል የተገጠመ፣ ሸራው ገና ያልተበላ። የሸራውን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ አስመጣዋለሁ። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ በቀን ሁለቴ ለሚወርድ ሰው ይህ እውነተኛ ጭማሪ ነው። እሱን ደመርኩ።

በነገራችን ላይ፣ ሻጩም የመጣው ደላላም ጥያቄዬን በሙሉ የሚመልሱት ለወንድሜ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ እሱን እያዩ ይመልሳሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ሴት ልጅ ኮፋኖ ከፍታ ስታይ ማየት ለብዙዎች ገና እንግዳ ነው። ይህን የምታነብ እህት ካለች፣ ወንድምሽ ወይም ባልሽ መኪና ሊገዛ ሲሄድ አብረሽ ሂጂ። ገንዘቡ የቤታችሁ ነው።

ከሰዓት ለሙከራ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ ሻጩ ከኋላ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። መታጠፊያው አያልቅም። ፍሬኑ አልሸተተም፣ አልላላም። ካምቢዮው ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ትንሽ ይናከሳል። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፣ ግን አይንሸራተትም። ኮምቦልቻ ቤት ገብተን ቡና ጠጣን። በረካው ሲደርስ መሸት ብሏል።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ያዘን። ወንድሜ አጭር መብራት አብርቶ በዝግታ ይወጣል። ከፊት የሚመጡት መኪኖች ግን ረጅም መብራት ያበሩብናል። አይሱዙው አበራብን። ሲኖትራኩ አበራብን። ሚኒባሱ ደጋግሞ አበራብን። "አጭር ላይ ነው ያለሁት፣ ምን ሆነው ነው?" አለ ወንድሜ። ሻጩ ከኋላ "ሁሌ እንዲህ ያደርጉብኛል፣ መብራቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው" አለ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ደሴ እንደገባን አንድ ግንብ አጠገብ አቁም አልኩት። መብራቱ ግድግዳው ላይ አረፈ። አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መስመር ይሠራል፤ በአንድ በኩል ከፍ ይላል። እንደኛ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት በቀኝ በኩል ነው ከፍ የሚለው። የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። የዚህ መኪና በግራ በኩል ነው ከፍ ያለው። ማለትም ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ።

በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ነው። የጃፓን።

"ከአውሮፓ የመጣ ነው" ነበር የተባልነው። የዝናብ መጥረጊያውን ሞከርኩ። የሹፌሩ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል፤ ለቀኝ ወንበር የተሠራ መጥረጊያ ነው። ኮፋኖውን ከፍቼ ከሞተሩ ኋላ ላሜራው ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በባትሪ አየሁ። ለውጭ አገር የተላከ ሱባሩ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ሲሆን በጄ ኤፍ 1 ይጀምራል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው አጭር ነው። ጂ ዲ ኤ ይልና ሰረዝ አድርጎ ጥቂት አኃዝ ይከተላል። ይህኛው አጭሩ ነው። ሊብሬው ላይም ያው አጭር ቁጥር ተጽፏል። ወረቀቱ አልዋሸም። እኛ ነን ያላነበብነው።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ነው። መሪው የዞረ ቪትዝ አገሩን ሞልቶታል፤ ስሙ ራሱ አያስደነግጥም። ጥያቄው ማን አዞረው፣ በምን ዕቃ አዞረው ነው። ይህ ሞዴል በግራ መሪም ከፋብሪካ የወጣ ስለሆነ ትክክለኛው ዕቃ አለ። የግራ መሪ መኪና ሙሉ ዕቃ ተገዝቶ ከተገጠመ ሥራው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ስከፍት የኤርባግ መብራቱ ጭራሽ አልበራም። በርቶ መጥፋት ነበረበት። አምፖሉ ተነቅሏል ማለት ነው። ይሄ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ወደሚገኙ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድነው። አባቴን ያውቁታል። መጀመሪያ ሞተሩን እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸው። አራቱን ካንዴላ አውጥተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኖቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ ለኩ። 118፣ 115፣ 120፣ 117 አለ። ወንድሜ ቁጥሩ አነሰ ብሎ ደነገጠ። ስልኩ ላይ ያነበበው ከዚህ በላይ ነበር። እሳቸው ሳቅ አሉ። "አብሽር ልጄ። ያ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚለካ ቁጥር ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሁሉም ዝቅ ይላል። አንተ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እይ። ተቀራራቢ ናቸው። ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉት። ይህን አንባቢዎች ያዙልኝ። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሞተር ጥሎ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ጌጁ 140,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ቺንጋው 100,000 አካባቢ መቀየር አለበት። በዚህ ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ቴስታታው ይፈርሳል። ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ነው የምታሰላው።

"አሁን መሪውን ይዩልኝ ጋሼ" አልኳቸው።

ጋቢናው ውስጥ ጀርባቸው ላይ ተኙ። ራሳቸው ከፔዳሎቹ ሥር ገባ። ባትሪ አበሩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ነይ፣ ራስሽ እዪ" አሉኝ።

የመሪው ዘንግ ሁለት ቦታ ተቆርጦ በብየዳ ተቀጥሏል። ያውም በተራ ኤሌክትሮድ፣ በችኮላ፣ ጠብታው እንኳ አልተሞረደም። በአንደኛው መገጣጠሚያ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። በጥፍሬ ነካሁት። ጥፍሬ ያዘው።

ማታውን በዚህ ዘንግ ነው ሐረጎን የወረድነው። በጉም የወጣነው። ወንድሜ እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ።

ሻጩ አጎንብሶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። እዚያው ካለ ጎማ ላይ ተቀመጠ። "ልጆቼን ይዤ ሐይቅ ድረስ ሄጃለሁ" አለ። ሌላ ምንም አላለም። መካኒኩ ውሃ አመጡለት። ቁልፉን አውጥቶ ለእሳቸው ሰጠና "ከዚህ አይንቀሳቀስም" አለ። ጨዋ ልጅ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ራት አልበላም። "ተወው በቃ፣ አይሱዙ እገዛለሁ" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እስክሪብቶ አንስቼ አብረን እንድናሰላ አደረግሁ። ያ ወጣት እንዲያየው የፈለግሁት ይህን ስሌት ነው።

መነሻው የመኪናው ዋጋ ነው። ምንም ሳይነካ የኖረ፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ንጹሕ መኪና ስንት ያወጣል? አዲስ አበባ ዕቃ የሚያቀብሉኝን ጠየቅኩ። ቅርብ ጊዜ አንዱ በ2,300,000 ብር እንደተሸጠ ነገሩኝ። ከዚህ ተነሳን። በዚህ ላይ ፍሬኑን 60,000 ብዬ ደመርኩ። ሌላ የሚደመር አላገኘሁም። ቸርኬውን ወንድሜ ይወደዋል፤ ግን ሙሉ ሰው ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። ወንበሩ ያምራል፤ ቀበቶው ግን በደንብ አይቀመጥም። ስለዚህ ዜሮ።

ከዚያ መኪናውን ጤነኛ ለማድረግ የሚወጣውን በሱቄ ዋጋ ቀነስኩ። አራት ጎማ 110,000። ቺንጋ ከነሮለሩና ከውሃ ፓምፑ 65,000። አራት ሞላና አራት ሾክ 120,000። የግራ መሪ መኪና ሁለት የፊት መብራት 70,000። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ 15,000። ድምሩ 380,000 ነው። ቀሪው 1,980,000 ብር። የመሪው ዘንግ በዚህ ውስጥ የለም። ለእሱ ቅናሽ አልጠየቅኩም። በተበየደ ዘንግ የሚሄድ መኪና በማንኛውም ዋጋ አይገዛም። ትክክለኛው ዘንግ መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን።

ከ2,800,000 እስከ 1,980,000 ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ሻጩ 900,000 ብር ያወጣበት ዕቃ፣ ለገዢ የ60,000 ብር ጥቅም ነው የሰጠው። ሻጩ ሌባ ስለሆነ አይደለም። ያ ገንዘብ የወጣው ለእሱ ደስታ ነው። ደስታውን ነድቶ ጨርሶታል። ተከታዩ ገዢ ያንን መልሶ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ስሌቱን ይዤ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን አስቀምጬ መስመር በመስመር አነበብኩለት። የተከራከረው በቸርኬው ላይ ብቻ ነው። ተነጋገርን። ቸርኬውን እሱ ሸጦ እንዲጠቀምበት፣ የፋብሪካውን ቸርኬ ፈልገን እንድንገጥም ተስማማን። ዘንጉንና የመሪውን ሳጥን በራሱ ወጪ ሊያስገባ፣ መካኒኩም እንዲያዩት፣ የወለቀው ዕቃ ሁሉ ከነማርሚታው አብሮ እንዲሰጥ፣ ዋጋው 2,050,000 ብር እንዲሆን ወረቀት ላይ አሰፈርን። ስም የሚዛወረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀብድ አልሰጠንም። እሱም አልጠየቀም።

ዘንጉን ለማግኘት እኔው ረዳሁት። ከግራ መሪ መኪና የወለቀ፣ ያልተቆረጠ፣ ያልተበየደ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ መጣ። ኮምቦልቻ መነኸሪያ ተቀብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩት። አሁን መካኒኩ ጋ ነው። ወንድሜ በየቀኑ ደሴ እየወጣ አጠገባቸው ቆሞ ያያል። ቁልፍ ያቀብላቸዋል። ያ የራሊ ፎቶ ያለበትን ግድግዳ እናታችን ባለፈው እሑድ ቀለም ስታስቀባ ፎቶውን አውርዳ መልሳ ሰቀለችው።

ለዚያ ደብዳቤ ለጻፈው ወጣት፦ የአንተ መኪና ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሲመሽ አንድ ግንብ አጠገብ አቁመህ አጭሩን መብራት አብራ፤ የትኛው ጎን ከፍ እንደሚል እይ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። የሚያውቅ ሰው ከፔዳሎቹ ሥር ተኝቶ የመሪውን ዘንግ እንዲያይልህ አድርግ። ኮምቦልቻ ከወረድክ ሱቄ ከመነኸሪያው ብዙ አይርቅም። የሻጩን ዝርዝር ይዘህ ና፣ አብረን እናሰላለን። ክፍያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፤
የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት
ኮምቦልቻ